ለባለሙያ የሚሰጥ የጀርመን ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ፦ ከፋይሉ ዝግጅት እስከ ቀጠሮው ቀን

ጀርመን ውስጥ በሙያቸው ተቀጥረው የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ነርሶች፣ መሐንዲሶችና የኮምፒውተር ባለሙያዎች ጊዜያዊ ፈቃዳቸውን እያደሱ ዓመታት ያሳልፋሉ። ጊዜያዊው ፈቃድ ከሥራው ጋር የተያያዘ በመሆኑ ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ ወይም ሌላ ከተማ የተሻለ ደመወዝ ሲገኝ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ «ወረቀቴስ ምን ይሆናል?» የሚል ነው። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ፣ በጀርመንኛ ስሙ ኒደርላሱንግስኤርላውብኒስ፣ ከዚህ ጭንቀት ያሳርፋል። የጊዜ ገደብ የለውም፤ ቀጣሪ መቀየርም ሆነ የራስን ሥራ መክፈት ማንንም ማስፈቀድ አይጠይቅም።

«ዜግነት እስካገኝ ልጠብቅ» ብለው ይህን ደረጃ የሚዘልሉ ሰዎች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ጀርመን ከሰኔ 2024 ወዲህ ጥምር ዜግነትን ትፈቅዳለች፤ ኢትዮጵያ ግን አትፈቅድም። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ፓስፖርቱን ይዞ መኖር ለሚፈልግ፣ ወይም ገና ላልወሰነ ሰው፣ ቋሚ መኖሪያው ሁለቱንም በር ክፍት አድርጎ የሚያቆይ ወረቀት ነው። ስለዚህ መብቱ በደረሰበት ወር ማመልከት ይገባል እላለሁ።

መጀመሪያ ካርድዎን ያንብቡ

በእጅዎ ያለው የመኖሪያ ካርድ ላይ ፈቃዱ የተሰጠበት አንቀጽ ተጽፏል። 18ኤ የሙያ ሥልጠና ላላቸው፣ 18ቢ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ላላቸው፣ 18ጂ ደግሞ ለብሉ ካርድ ባለቤቶች ነው። በ18ኤ ወይም በ18ቢ ያለ ሰው ለማመልከት ፈቃዱን 3 ዓመት መያዝና 36 ወር የጡረታ መዋጮ መክፈል አለበት። ትምህርቱን ወይም የሙያ ሥልጠናውን እዚያው ጀርመን ያጠናቀቀ ከሆነ 2 ዓመትና 24 ወር ይበቃዋል። ብሉ ካርድ የያዘ ሰው በኤ1 ደረጃ ጀርመንኛ በ27 ወር፣ በቢ1 ደረጃ ደግሞ በ21 ወር ማመልከት ይችላል።

እስከ የካቲት 2024 መጨረሻ ድረስ ለ18ኤና ለ18ቢ የሚጠየቀው 4 ዓመት ነበር። ዛሬም «አራት ዓመት ጠብቅ» የሚል የቆየ ምክር ስለሚሰማ፣ ሕጉ ከማርች 1 ቀን 2024 ጀምሮ መለወጡን ልብ ይበሉ።

አንድ ጉዳይ በተለይ ነርሶችን ያሳስታል። ብዙዎቹ ወደ ጀርመን የሚገቡት ዲፕሎማቸው እስኪታወቅላቸው ድረስ በረዳትነት እየሠሩ ነው፤ ያን ጊዜ የያዙት ፈቃድ በሌላ አንቀጽ የተሰጠ ነው። የ3 ዓመቱ ቆጠራ የሚጀምረው የባለሙያ ፈቃዱ ከተሰጠበት ቀን ነው እንጂ አውሮፕላኑ ካረፈበት ቀን አይደለም። የጡረታ መዋጮው ግን ከዚህ ተለይቶ ይቆጠራል፤ በረዳትነት ዘመን የተከፈለውም ወር ይታሰባል። ሁለቱን በተለያየ ወረቀት ላይ ጽፈው ያስሉ።

የጡረታ ታሪክዎን ያስመጡ

በየወሩ ከደመወዝዎ 9.3 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፤ ቀጣሪውም ያንኑ ያህል ይጨምራል። ማመልከቻውን ለሚያየው የውጭ ዜጎች ቢሮ ግን የደመወዝ ወረቀት ብቻውን አይበቃም፤ ፈርዚሸሩንግስፈርላውፍ የሚባለው የመዋጮ ታሪክ ይፈለጋል። ይህን ዶይቸ ሬንተንፈርዚሸሩንግ የተባለው የጡረታ መድን ድርጅት ያለ ክፍያ በፖስታ ይልክልዎታል። ሲደርስ ወር በወር ይመልከቱት። ቀጣሪዎች የዓመቱን ክፍያ የሚያሳውቁት እስከ ቀጣዩ ዓመት የካቲት አጋማሽ ስለሆነ በያዝነው ዓመት የከፈሏቸው ወራት ላይታዩ ይችላሉ፤ ለእነዚያ የደመወዝ ወረቀቶቹን ያያይዙ። ቀደም ባሉት ዓመታት ክፍተት ካዩ ግን ከማመልከትዎ በፊት ለጡረታ ድርጅቱ ጽፈው ያስተካክሉ።

ቋንቋና ሠላሳ ሦስቱ ጥያቄዎች

ለ18ኤና ለ18ቢ የሚጠየቀው ቢ1 ነው። በነርስነት ለመሥራት ቢ2 ያለፈ ሰው ይህ አያሳስበው፤ የምስክር ወረቀቱን ማቅረብ ብቻ ይበቃዋል።

ሌላው ስለ አገሪቱ ሕግና ኑሮ የሚጠይቀው «ሌበን ኢን ዶይችላንድ» የተባለው ፈተና ነው። በ60 ደቂቃ 33 ጥያቄዎች ይመለሳሉ፤ ጥያቄዎቹ የሚወጡት 300 ከሚሆኑ አገር አቀፍ ጥያቄዎችና ስለሚኖሩበት ክልል ከተዘጋጁ 10 ጥያቄዎች ነው። ሁሉም አስቀድመው ይፋ የወጡ ስለሆኑ በሞባይል መለማመድ ይቻላል። ለቋሚ መኖሪያ 15 ትክክለኛ መልስ ይበቃል፤ ለዜግነት 17 ያስፈልጋል። ስለዚህ ለ17ቱ ተዘጋጅተው ይግቡ፤ በኋላ ሐሳብዎ ቢለወጥ ያው ወረቀት ያገለግልዎታል። ፈተናው 25 ዩሮ ነው፤ ብዙ ጊዜ በከተማው የሕዝብ ትምህርት ቤት፣ ፎልክስሆኽሹለ፣ ይሰጣል። ውጤቱ ሳምንታት ስለሚወስድ መጀመሪያ የሚመዘገቡበት ይህ ይሁን።

ስም፣ የልደት ቀንና ፓስፖርት

የእኛን ሰው ፋይል ከሌላው በላይ የሚያዘገየው ይህ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ጊዜ ይስጡት።

ጀርመኖች የቤተሰብ ስም ይፈልጋሉ፤ እኛ የአባትና የአያት ስም አለን። ፓስፖርቱ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይዞ ዲግሪው የአያትን ሊጠቅስ፣ የባንክ ደብተሩ ደግሞ ሦስቱንም ሊደረድር ይችላል። አጻጻፉም ይለያያል፤ በጸ የሚጀምር ስም በአንዱ ሰነድ በቲ፣ በሌላው በኤስ ተጽፎ ይገኛል። ለቢሮው ጸሐፊ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። መመዘኛው ፓስፖርትዎ ይሁን፤ የጡረታው፣ የጤና መድኑ፣ የኪራይ ውሉና የቀጣሪው ወረቀት ሁሉ በፓስፖርቱ ፊደል እንዲስተካከል ከማመልከትዎ በፊት ይጠይቁ። ሊስተካከል የማይችል የድሮ ሰነድ ካለ ልዩነቱን በአጭር ደብዳቤ አስረድተው አብረው ያስገቡ።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። መስከረም 1 ቀን 1985 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር የተወለደው ሴፕቴምበር 11 ቀን 1992 ነው። አንዱ ሰነድ ሳይመነዘር እንዳለ ተተርጉሞ ከሆነ በሰነዶቹ መካከል የሰባት ዓመት ልዩነት ይፈጠራል። የልደት ወይም የጋብቻ ሰርተፍኬት የሚያስፈልግዎ ከሆነ ጀርመን ውስጥ በፍርድ ቤት ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ ይተርጉመው፤ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም በትርጉሙ ላይ እንዲጽፍ ይንገሩት።

ፓስፖርቱ ሊያበቃ የተቃረበ ከሆነ መጀመሪያ በርሊን ባለው ኤምባሲ ወይም ፍራንክፈርት ባለው ቆንስላ በኩል ያሳድሱ። የሚሰጥዎ ካርድ ዘመን ብዙ ጊዜ ከፓስፖርቱ ዘመን ጋር ስለሚያያዝ፣ መብቱ ቋሚ ቢሆንም አጭር ዘመን የቀረው ፓስፖርት አጭር ዘመን ያለው ካርድ ያመጣል።

ፋይሉ

የቀሩት ሰነዶች ብዙም አያስቸግሩም፦ የሥራ ውል፣ የቅርብ ወራት የደመወዝ ወረቀቶች፣ የኪራይ ውል፣ የአድራሻ ምዝገባ ወረቀትና የጤና መድን ማረጋገጫ። ቤቱ ለቤተሰቡ ቁጥር የሚበቃ መሆኑ ስለሚታይ ስፋቱ በኪራይ ውሉ ላይ መኖሩን ያረጋግጡ። ከቀጣሪው የሚጠየቀው ደብዳቤ ሥራው ቀጣይ መሆኑንና የስንብት ማስጠንቀቂያ አለመሰጠቱን በግልጽ መናገር አለበት። ብዙ ቢሮዎች ይህን ደብዳቤ ትኩስ ሆኖ ይፈልጉታል፤ ስለዚህ በመጨረሻው ሳምንት ያስጽፉት። የደመወዝ ወረቀት የሦስት ወር ይሁን የስድስት ከተማ ከከተማ ይለያያል፤ የራስዎ ከተማ የውጭ ዜጎች ቢሮ፣ አውስላንደርቤሆርደ፣ ያወጣውን ዝርዝር ብቻ ይከተሉ። ሌላ ከተማ ያለ ጓደኛ ዝርዝር አይበቃም።

አሁን በብዙ ከተሞች ማመልከቻው መጀመሪያ በኢንተርኔት ይገባል፤ ከዚያ በአካል መቅረቢያ ቀጠሮ፣ ተርሚን፣ ይሰጣል። የማስገቢያ ማረጋገጫውን ያስቀምጡ። ከሁሉም በላይ በእጅዎ ያለው ፈቃድ ሳያበቃ ያመልክቱ። በመኖሪያ ሕጉ አንቀጽ 81 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት በጊዜው ያመለከተ ሰው ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ የቀድሞው ፈቃዱ እንደጸና ይቆያል፤ ለዚህም ፊክትሲዮንስበሻይኒጉንግ የሚባል ወረቀት ይሰጠዋል። ለገና ወይም ለፋሲካ አገር ቤት ለመሄድ ያሰበ ሰው ትኬት ሳይቆርጥ በፊት ወረቀቱ ላይ ምልክት የተደረገበት ይህ ንዑስ አንቀጽ መሆኑን ይመልከት። ተመልሶ ለመግባት የሚያስችለው እሱ ነው።

የቀጠሮው ቀን

ዋናዎቹን ሰነዶች ከኮፒያቸው ጋር፣ በከተማው ዝርዝር ቅደም ተከተል ደርድረው ይያዙ። ፓስፖርት፣ የድሮው ካርድና የቀጠሮው ወረቀት ከላይ ይሁኑ። ከሜይ 2025 ጀምሮ በወረቀት የታተመ ፎቶ አይቀበሉም፤ ወይ ፈቃድ ያለው ፎቶ ቤት ዲጂታሉን አንሥቶ ኮዱን ይሰጥዎታል፣ ወይ እዚያው ቢሮ ባለው ማሽን ይነሣሉ። ክፍያው 113 ዩሮ ነው፤ የባንክ ካርድ አይርሱ።

ጸሐፊዋ ሰነዶቹን ታያለች፣ የጣት አሻራና ፊርማ ትወስዳለች፣ ቁመትና የዓይን ቀለም ትጠይቃለች። ፈተና አይደለም፤ ቢሆንም ቢ1 ብለው ላመለከቱበት ጉዳይ በጀርመንኛ መነጋገር ተገቢ ነው። «ጉተን ሞርገን» ብለው ገብተው ጥያቄው ካልገባዎ ቀስ ብላ እንድትደግምልዎ ይጠይቁ፤ ያልገባን ነገር «ያ» ብሎ ማለፍ ግን ጉዳት አለው። ዋናው ሰነድ ታይቶ ይመለስልዎታል፤ ለፋይል የሚቀረው ኮፒው ነው። የጎደለ ነገር አለ ከተባሉ ምን እንደሆነና እስከ መቼ እንደሚገባ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ቃል ይረሳል፤ ፋይሉም ከአንድ ጸሐፊ ወደ ሌላ ሊዛወር ይችላል።

ከተፈቀደ በኋላ ካርዱ በርሊን በሚገኘው የመንግሥት ማተሚያ ይዘጋጃል፤ ሳምንታት ይፈጃል።

ያለ በቂ ምክንያት 3 ወር ሙሉ ውሳኔ ካልተሰጠ ሕጉ በአስተዳደር ፍርድ ቤት መክሰስ ይፈቅዳል። ከዚያ በፊት ግን የመጨረሻ ቀን ጠቅሰው በጽሑፍ ይጠይቁ። ካሪታስ፣ ዲያኮኒና አቮ የተባሉት ድርጅቶች ለስደተኞች ነፃ የምክር አገልግሎት ስላላቸው ደብዳቤውን አብረዋቸው ይጻፉ።

ካርዱ እጅ ከገባ በኋላ

ፈቃዱ ቋሚ ቢባልም ያለ ፈቃድ ከ6 ወር በላይ ከጀርመን ውጭ የቆየ ሰው ያጣዋል። የታመመ ወላጅ ለማስታመም ወይም ውርስ ለማስጨረስ አገር ቤት ገብቶ መቆየት በእኛ ዘንድ የተለመደ ስለሆነ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፦ ጉዞው ሊረዝም የሚችል ከሆነ ከመሄድዎ በፊት ቢሮው ረዘም ያለ የመመለሻ ጊዜ በጽሑፍ እንዲወስንልዎ ያመልክቱ። ጀርመን 5 ዓመት የሞላው ሰው ደግሞ ዳወርአውፍኤንትሃልት ኤው የተባለውን የአውሮፓ ኅብረት ቋሚ መኖሪያ ይመልከት፤ እሱ ከኅብረቱ ውጭ እስከ 12 ወር ለመቆየት ያስችላል።