ድርብ መስተዋት ያለው መስኮት በላስታ ደጋ፤ ሕመሙና መድኃኒቱ

መስኮት ለብዙዎቻችን ብርሃን ማስገቢያ ብቻ መስሎ ይታየናል። ጠለቅ ብለን ያሰብንበት እንደ ሆነ ግን፣ መስኮት በአንድ ጊዜ አራት ሥራ እንዲሠራ የምናዘው አገልጋይ ነው። ብርሃን አስገባ፣ ጢስ አስወጣ፣ ዝናብ ከልክል፣ ብርድ ዝጋ እንለዋለን። ከነዚህ ከአራቱ ትእዛዞች ሁለቱ «ክፈት»፣ ሁለቱ «ዝጋ» የሚሉ ስለ ሆኑ የመስኮት ጣጣ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

ይህን ጣጣ ለመመርመር ላስታ የተመቸ ስፍራ ነው። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ በበጋ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። የአገሩ ሰው ይህን ዐውቆ ቤቱን ከድንጋይና ከጭቃ ክብ አድርጎ፣ አንዳንዱንም ባለ ፎቅ አድርጎ ሲሠራ መስኮቱን ያሳንሰዋል። ትንሽ መስኮት ብርሃን ይነፍጋል፤ ሙቀት ግን አያባክንም።

የጥንቶቹም ጠራቢዎች መስኮትን በዘፈቀደ አልከፈቱም። ከላሊበላ 11 የዐለት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ በሆነው በቤተ ጊዮርጊስ፣ የታችኛው ረድፍ መስኮቶች በዐለቱ ላይ ቅርጻቸው ብቻ የወጣ የማይከፈቱ ሲሆኑ፣ ብርሃን የሚያስገቡት የላይኞቹ ናቸው። በይምርሐነ ክርስቶስ ደግሞ መስኮቶቹ በፍርግርግ የተሞሉ ናቸው። እንግዲህ «የት ልክፈት? በምንስ ልሙላው?» የሚለው ጥያቄ በላስታ አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር መስተዋቱ ነው። ዛሬ በከተሞቻችን የአሉሚኒየም መቃንና ሰፊ መስተዋት እየበዛ ሲሄድ፣ ብርድ ያስመረረው ሰው «ድርብ መስተዋት ላስገባ ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ይህ ጽሑፍ ቀርቧል።

ድርቡ መስተዋት ምን ይሠራል?

ድርብ መስተዋት ማለት ሁለት መስተዋቶች በመካከላቸው ከ12 እስከ 16 ሚሊሜትር የሚሆን ክፍተት ትተው፣ ዙሪያቸው አየር እንዳያስገባ የታሸገበት ነው። ብርዱን የሚከለክለው መስተዋቱ ራሱ አይደለም። መስተዋት ከረጋ አየር ይልቅ ሙቀትን 40 ጊዜ ያህል አብልጦ ያሳልፋል። ከልካዩ በመካከል ታስሮ የቆመው አየር ነው። ጋቢ የሚያሞቀን ድርብርቡ አየር ስለሚይዝ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ይህም እንደዚያው ነው። በዚህ ምክንያት በድርብ መስተዋት በኩል የሚወጣው ሙቀት፣ በነጠላው ከሚወጣው ወደ ግማሽ ይወርዳል።

ጥቅሙን በቁጥር እንየው። የክፍሉ ሙቀት 18 ዲግሪ፣ የክፍሉ አየር እርጥበት 60 ከመቶ፣ ውጭው 5 ዲግሪ ነው እንበል። እንዲህ ያለ አየር 10 ዲግሪ ከሆነ ነገር ጋር ሲገናኝ የተሸከመውን እንፋሎት ውሃ አድርጎ ይጥላል። የነጠላው መስተዋት የውስጥ ገጽ ከ8 እስከ 9 ዲግሪ ስለሚሆን ያልበዋል፤ የድርቡ ግን 13 ዲግሪ ያህል ስለሚሆን ደረቅ ሆኖ ያድራል።

ሕመሞቹና መድኃኒታቸው

1ኛ፤ ላብ። «መስኮቴ አላበ» የሚል ሰው በመጀመሪያ የሚያላበው የትኛው ገጽ እንደ ሆነ በጣቱ ጠርጎ ይለይ። ላቡ በክፍሉ በኩል ከሆነ፣ ጥፋቱ የመስኮቱ ሳይሆን የክፍሉ እርጥበት ነው። አንድ የተኛ ሰው በሰዓት 40 ግራም ያህል እንፋሎት ይተነፍሳል። አራት ተማሪዎች በአንድ ክፍል 8 ሰዓት ቢተኙ ከ1 ሊትር በላይ ውሃ በአየሩ ላይ ጨመሩ ማለት ነው። መድኃኒቱ ጠዋት መስኮቱን ለጥቂት ደቂቃ ወለል አድርጎ መክፈትና እርጥብ ልብስን በክፍል ውስጥ አለማስጣት ነው። ላቡ በውጭ በኩል ከሆነ ግን ደስ ይበልህ፤ የውጭው መስተዋት የቀዘቀዘው ሙቀትህ ስላልደረሰው ነውና መስኮቱ ሥራውን እየሠራ ነው።

2ኛ፤ በመካከል የተቀመጠ ጉም። ይህ በጣት የማይደረስበት ነው። በሁለቱ መስተዋቶች መካከል በዙሪያው የሚገባው ክፍት ዘንግ እርጥበት የሚመጥ ፍሬ፣ ለምሳሌ ሲሊካ ጄል፣ ይሞላበታል። ማሸጊያው ሲሰነጠቅ እርጥብ አየር ይገባል፤ ፍሬውም መጥጦ መጥጦ ሲጠግብ ጉሙ ይታያል። አንዳንዱ መስተዋቱን በስቶ ያደርቀዋል። ጉሙ ለጊዜው ይጠፋ ይሆናል፤ የተሰነጠቀው ማሸጊያ ግን አልተጠገነምና ተመልሶ ይመጣል። እውነተኛው መድኃኒት ጥንድ መስተዋቱን መለወጥ ነው። መቃኑ ደህና ከሆነ ግን እርሱን መንቀል አያስፈልግም። ቁመቱን፣ ወርዱንና ጠቅላላ ውፍረቱን ለክቶ መስተዋቱን ብቻ ማዘዝ ይበቃል።

3ኛ፤ ነፋስ ማስገባት። ነፋስ ባለበት ሌሊት ጧፍ አብርተህ በመቃኑ ዙሪያ ቀስ ብለህ አዙር፤ መጋረጃ ካለ አስቀድመህ አንሣ። ነበልባሉ የሚወዛወዝበት ቦታ ቀዳዳው ነው። በመዝጊያውና በመቃኑ መካከል ከሆነ፣ የደረቀውን ጎማ አውጥቶ በአዲስ መለወጥ፣ ማጠፊያውን ማጥበቅና መቀርቀሪያውን ማስተካከል ነው። በመቃኑና በግድግዳው መካከል ከሆነ ሥራው የግንበኛ ነው። በዚያው ጧፍ መስኮትህ በእውነት ድርብ መሆኑንም ልትፈትን ትችላለህ። ነበልባሉን አቅርበህ በሰያፍ ስትመለከት፣ ነጠላ መስተዋት ሁለት፣ ድርቡ ግን አራት የነበልባል ምስል ያሳይሃል።

4ኛ፤ በመቃኑ ሥር የቆመ ውሃ። ብዙው የአሉሚኒየም መቃን በግርጌው የዝናብ ውሃ የሚወጣበት ትንንሽ ቀዳዳ አለው። በበጋ አቧራ ይደፍነዋል፤ ሐምሌ ሲገባ ውሃው መውጫ አጥቶ ወደ ቤት ይመለሳል፤ የመስተዋቱም ማሸጊያ በውሃ ተነክሮ ይሰነብትና ቀስ በቀስ ይበላሻል። መድኃኒቱ ከክረምት በፊት ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ መጥረግ ነው። ከዚህ የረከሰ ጥገና የለም፤ ብዙ ሰውም ይህንኑ ቀዳዳ «ነፋስ አስገባ» ብሎ ይደፍነዋል።

የከፍታ ነገር

አምስተኛው ሕመም የደጋ አገር ሕመም ነውና ለብቻው እንየው። ድርቡ መስተዋት በባሕር ጠረፍ ባለ አገር የታሸገ እንደ ሆነ በሆዱ የዚያን አገር አየር ይዞ ይመጣል። በባሕር ወለል የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን፣ በላሊበላ ከፍታ ግን 75 ያህል ነው። ደጋ ላይ ባቄላ ለመብሰል የሚዘገየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውሃው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና። መስተዋቱ ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ ላስታ ሲደርስ በውስጡ ያለው አየር ወደ ውጭ ይገፋል። መስተዋቱ ከቶ የማይለመጥ ቢሆን ኖሮ፣ ግፊቱ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 27 ኩንታል ያህል በሆነ ነበር።

ደግነቱ መስተዋት ጥቂት ይለመጣል። ሆድ ሲያወጣ አየሩ ይሰፋና አብዛኛው ግፊት ይቀንሳል። የተረፈው ግን ማሸጊያውን ይጎትታል። ለዚህ ነው ሆድ ባወጣ መስተዋት ላይ የቤትና የዛፍ ምስል ተጣሞ የሚታየው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሰፊው መስተዋት በቀላሉ ስለሚለመጥ ይድናል፤ ትንሹ ግን ደረቅ ስለ ሆነ ጭነቱን በማሸጊያውና በራሱ ላይ ይሸከማል። ስለዚህ ትንሽ መስኮት የሚወድ የላስታ ቤት ለዚህ አደጋ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

መድኃኒቱ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ከአገሩ ከፍታ ጋር በተቀራረበ ቦታ የታሸገ መስተዋት ማግኘት ነው። አዲስ አበባ ላይ ቢታሸግ ከላሊበላ ጋር ያለው የግፊት ልዩነት በካሬ ሜትር ከ1 ኩንታል ተኩል አይበልጥም። ሁለተኛው፣ ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ ቀጭን የመተንፈሻ ቱቦ እንዲገባለት ማዘዝ ነው። በመንገድ አየሩን ይተነፍሳል፤ ቦታው ሲደርስ እንደ ቱቦው ዓይነት ይዘጋል ወይም ክፍት ይቀራል። ሦስተኛውን በመጨረሻ እመለስበታለሁ። ለማናቸውም፣ ገዢ የሆነ ሰው ስፋቱን ብቻ ሳይሆን የሚገጠምበትን ከፍታ ለሻጩ ይንገር። ይህች አንዲት ቃል ብዙ ገንዘብ ታድናለች።

ማሸግ ሁልጊዜ መልካም አይደለም

ከላሊበላ የምንማረው ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1972 በጣሊያናዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት አብያተ ክርስቲያናቱ ሲጠገኑ፣ ከሥራዎቹ አንዱ ቀድሞ ውሃ ይከለክላል ተብሎ የተቀባውን ሬንጅ ማንሣት ነበር። በአንድ በኩል የታሸገ፣ በሌላ በኩል ግን ስንጥቅ ያለው ነገር ውሃ ያስገባል እንጂ አያስወጣምና። ጉም የያዘውም መስተዋት ታሪኩ ይኸው ነው። ፈጽሞ የማይታሸግን ነገር በግማሽ ማሸግ፣ ጨርሶ ካለማሸግ ይከፋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስጠንቀቂያ ግን ስለ ከሰል ነው። በደጋ አገር ብዙ ቤተሰብ ከሰል አቀጣጥሎ ክፍል ያሞቃል። ቀዳዳ ያለው አሮጌ መስኮት፣ ብርድ ቢያስገባም መርዙን ያስወጣ ነበር። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታትና ድካም ያመጣል፤ የተኛውን ሰው ግን ሳይቀሰቅስ ይገድላል። መስኮቱን ያጠበቀ ሰው ከሰሉን ከክፍሉ ማውጣት አለበት። «በሩን ጥቂት ገርበብ አደርገዋለሁ» ማለት ዋስትና አይሆንም። የእናቱን ቤት መስኮት ለማጥበቅ በዕረፍት ወደ አገሩ የሚሄድ ተማሪ ይህን ሳይናገር ቢመለስ፣ ስጦታው ወጥመድ ይሆናል።

እንግዲህ ምን ይሻላል?

ሦስተኛው መድኃኒት ከሁሉ የቀለለው ነው። የታሸገ ድርብ መስተዋት ከመግዛት ይልቅ፣ በነጠላው መስኮት ላይ በውስጥ በኩል ሌላ የሚከፈት መስኮት ማስገጠም ይቻላል። በኦስትሪያና በጎረቤቶቿ አሮጌ ቤቶች እንዲህ ያለው ባለ ሁለት መዝጊያ መስኮት የታወቀ ነው። በመካከሉ ያለው አየር ፈጽሞ ስላልታሸገ የላሊበላ ከፍታ አይነካውም፤ ሆድ አያወጣም። አቧራና ጉም ቢገባበት ከፍቶ መጥረግ ነው። ቢሰበር፣ የሰፈሩ አናጢ አንዱን መስተዋት ቆርጦ በስቱኮ ይመልሰዋል። የውስጡ መዝጊያ ከውጭው ይልቅ በደንብ የሚገጥም ይሁን፤ ያለዚያ የክፍሉ እንፋሎት ወደ መካከል ገብቶ በውጭው መስተዋት ላይ ያልባል። ለዚህም አቅም የሌለው፣ በደንብ የተገጠመ የእንጨት መዝጊያ ሌሊት ሌሊት ይዝጋ፤ ቀን ይክፈት።

የታሸገው ድርብ መስተዋት ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ሰፊ መስኮት ላለው፣ ሻጩን ከፍታውን ለነገረ፣ የሚለውጥለት ባለሙያ በአቅራቢያው ላለ ሰው መልካም ነው። ነገር ግን በጠረፍ አገር የተሠራ ሁሉ ለደጋ ይሆናል ብለን ዝም ብለን አንቀበል። መሣሪያ የአገሩን አየር ይዞ ይመጣል፤ እኛም ከመግጠማችን በፊት አገራችን ስንት ሜትር ከፍ እንደምትል መጠየቅ ይገባናል።