የግንቦት ልደታ መዋጮና የሒሳብ መዝገቡ

እንደሚታወቀው የልደታ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ግንቦት 1 ቀን የድንግል ማርያም ልደት ሲከበር ጎረቤት ከቤቱ ወጥቶ በደጅ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ዳቦ ይቆርሳል፣ ቡና ያፈላል። ተማሪ ይህን በዓል በዓይኑ ያየው ስለሆነ፣ ገቢና ወጪን ለማስተማር ከመጽሐፉ ነጋዴ ይልቅ ይህ ይቀላል።

ምሳሌ እንውሰድ። 20 ቤቶች 300 ብር ሊያዋጡ ተስማሙ እንበል፤ የታሰበው 6,000 ብር ነው። የከፈሉት ግን 16 ቤቶች ናቸው፤ 4,800 ብር። ለስንዴ፣ ለዱቄት፣ ለቡና፣ ለስኳርና ለከሰል 5,150 ብር ወጣ። የጎደለውን 350 ብር ማን ሞላው? ገንዘብ ያዧ፣ ከኪሳቸው። ብዙ ሰው «እሳቸው ምን ይጎዳቸዋል» ብሎ ያልፈዋል። ስሕተት ነው። ራሳቸው «ስጦታ ነው» እስካላሉ ድረስ ገንዘቡ የሰፈሩ ዕዳ ነውና በመዝገብ ይጻፍ። አለዚያ ለከርሞ ገንዘብ ያዥ ይሁኑልን ብንላቸው እሺ አይሉም፤ እኔም ብሆን አልልም።

አሁን ወደ ቀሩት 4 ቤቶች እንምጣ። ሁለቱ በእርግጥ አልከፈሉም። አንድ አባወራ ግን ሌሊቱን እንጨት ሲፈልጡ፣ ውኃ ሲቀዱ አድረዋል። አንዲት እናት ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ቢያጡ 4 ኪሎ ባቄላ ይዘው መጥተዋል። መዝገቡ ብር ብቻ የሚቆጥር ከሆነ እኚህ እናት በሰው ፊት «ያልከፈሉ» ተብለው ይነበባሉ። ባቄላውን የበላነው እኛው አይደለን እንዴ!

ስለዚህ ከብሩ ዓምድ ጎን «በዓይነት» የሚል ዓምድ ይሰመር። ባቄላው በዕለቱ ዋጋ ይገመት፤ ኪሎው 120 ብር ቢሆን 480 ብር ይሆናል፤ እናትየዋ ከመዋጮው 180 ብር በላይ ሰጥተዋል ማለት ነው። ይህ ግምት በገቢም በወጪም ይጻፋል፤ ገብቶ ተበልቷልና። በዚህም ምክንያት የ350 ብሩን ጉድለት አይለውጠውም፤ ተማሪ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው፣ ረጋ ብላችሁ አስረዱት። የጉልበቱ ሥራ ባይገመትም የሠሪው ስም ይመዝገብ። ከእድር የተዋስነው ድስትና ወንበር ተመላሽ ስለሆነ ገቢ አይባልም፤ ለብቻው ተጽፎ ሲመለስ ይፈረምበት።

ድሮ ማን ምን እንዳመጣ ሰፈሩ በቃሉ ያውቅ ነበር። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ግን የልደታ የቆዩ ቤቶች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ጎረቤቱ ተበታተነ። ዛሬ በአንድ ደረጃ የሚወጡ ሰዎች ስም ለስም ላይተዋወቁ ይችላሉ፤ የመዝገቡም ሥራ በዚያው መጠን በዛ።

ለክፍል መልመጃ፦ 350 ብሩ ለ20 ቤት ቢካፈል ለየቤቱ 17.50 ብር ይደርሳል። ሁለቱ ያልከፈሉት ቤቶች ቢከፍሉ ደግሞ ዕዳው ተከፍሎ 250 ብር ይተርፋል። የትኛው ይሻላል? ሁለቱ ቤቶች ያልከፈሉት ስለቸገራቸው ቢሆንስ? ተማሪዎቹ ይከራከሩበት።