ያልተገደበ ጥቅል፣ የተጋራ መስመር፦ በዳባት፣ በደባርቅና በስሜን ግርጌ የሞባይል ዳታ ለመስክ ምርምር

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ በሊማሊሞ ገደል ወደ ዛሪማ ይወርዳል። በዚህ መስመር ለጥናት የሚሰማራው ሰው ብዙ ነው። በዳባት ወረዳ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመረው የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ ይገኛል። ደባርቅ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤትም በዚህችው ከተማ ስለሚገኝ፣ ስለ ዋልያ፣ ስለ ጭላዳና ስለ ቀይ ቀበሮ የሚያጠኑ ተማሪዎች ጉዟቸውን የሚጀምሩት ከዚያ ነው። ከግቢው አጥር የወጣ ተመራማሪ ላፕቶፑን ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኝበት መንገድ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ነው።

ጥያቄው ሲነሣ ቀላል ይመስላል። ለአንድ ስልክ ቁጥር የተገዛ «ያልተገደበ» ጥቅል ሦስት ላፕቶፕና አምስት ታብሌት ሊያስተናግድ ይችላልን? መሣሪያው «ይችላል» ይላል። ውሉ «እስከዚህ ድረስ» ይላል። ሕጉ ደግሞ ጥያቄውን የሚጠይቀው በሌላ ቃል ነው። ይህ ጽሑፍ ሦስቱን መልሶች ለያይቶ በመመልከት፣ «ያልተገደበ» የሚለውን ቃል እንዳለ ተቀብሎ የመስክ ሥራ ማቀድ ለምን እንደማያዋጣ ያሳያል።

ስለ ቃሉ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። እንግሊዝኛው ለዚህ አሠራር የሰጠው ስም የተወሰደው ከብት በችካል ከሚታሰርበት ገመድ ነው፤ ላፕቶፑ በስልኩ ላይ እንደ ታሰረ ተቆጥሯል። የአማርኛ ተናጋሪው ግን «ሆትስፖት ክፈትልኝ»፣ «ዳታ አጋራኝ» ይላል። አነጋገሩ ከጎረቤት እሳት መጫርን ያስታውሳል፤ ጎረቤት ፍም ይዞ ቢሄድ የሰጪው ምድጃ አይጎድልበትም። ችግሩ የሚጀምረው ዳታ በዚህ ረገድ እሳትን ስለማይመስል ነው።

አሠራሩ

ስልኩ ሆትስፖት ሲከፍት አነስተኛ ራውተር ይሆናል። ለሚገናኙት መሣሪያዎች በሙሉ ውስጣዊ አድራሻ ያድላል፤ ከእነርሱ የሚመጣውን መልእክት ሁሉ በራሱ አድራሻ ተክቶ ወደ ኔትወርኩ ይልካል። ስለዚህ ከውጭ ለሚያይ ሰው ስምንት መሣሪያዎች አንድ ደንበኛ ሆነው ይታያሉ። ይህ ችሎታ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ አብሮ መምጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው።

ሆኖም መሸፈኛው ስስ ነው። እያንዳንዱ የመልእክት እሽግ በመንገዱ ስንት ራውተር ማለፍ እንደሚችል የሚገልጽ ቁጥር ይዞ ይነሣል፤ ራውተር ባለፈ ቁጥር አንድ ይቀነስለታል። ከአንድሮይድ ስልክ በቀጥታ የሚነሣ እሽግ በተለምዶ በ64 ሲጀምር፣ ዊንዶውስ ከጫነ ላፕቶፕ ተነሥቶ በስልኩ በኩል የሚያልፈው ግን በ128 ጀምሮ 127 ሆኖ ኔትወርኩ ይደርሳል። የቴሌኮም ኩባንያ ልዩነቱን ማየት ከፈለገ ያያል። ተጠቃሚው እንደ ግል ጉዳይ የሚቆጥረው ማጋራት ለኩባንያው የተሰወረ ነገር አይደለም፤ ኩባንያው ምን ሊያደርግ ይፈልጋል የሚለው ጥያቄ የዋጋና የፖሊሲ ጥያቄ ነው።

«ያልተገደበ» ሲባል

የዋጋው አመክንዮ በግልጽ የታየው በአሜሪካ ነው። የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 ከቬራይዘን ኩባንያ ጋር በደረሰበት ስምምነት፣ ኩባንያው ዳታ ማጋሪያ መተግበሪያዎችን ከገበያ እንዲወጡ በማስደረጉ ምክንያት 1.25 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። የስምምነቱ ውጤት ግን ሁሉንም ደንበኛ እኩል አልጠቀመም። በተጠቀመው ልክ የሚከፍለው ደንበኛ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲያጋራ ሲፈቀድለት፣ የቀድሞውን ያልተገደበ ጥቅል ይዞ የቆየው ደንበኛ ግን ለማጋራት ተጨማሪ ሊጠየቅ ይችል ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መጠኑ ተቆጥሮ የተሸጠ ጊጋባይት በስልክ ቢያልቅ ወይም በላፕቶፕ ቢያልቅ ለሻጩ ልዩነት የለውም። ያልተገደበ ጥቅል ግን ዋጋው የተተመነው አንድ ሰው በአንድ ትንሽ ስክሪን ሊጠቀም የሚችለው ተገምቶ ነው። ማጋራት ያንን ግምት ያፈርሰዋል።

ግምቱ እንዳይፈርስ ኩባንያዎች በዓለም ዙሪያ የያዙት መላ «ፍትሐዊ አጠቃቀም» የሚሉት ደንብ ነው። ደንበኛው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ መስመሩ አይቋረጥም፤ ፍጥነቱ ግን ይቀንሳል። ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው ኩባንያ ይህን ለደንበኞቹ በበቂ ሁኔታ ሳይገልጽ በማድረጉ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ከሶት፣ በ2019 ጉዳዩ በ60 ሚሊዮን ዶላር ተቋጭቷል። የክሱ ፍሬ ነገር ፍጥነት መቀነሱ ሳይሆን «ያልተገደበ» ተብሎ መሸጡ ነበር።

እንግዲህ ያልተገደበ ጥቅል በውሉ ሲነበብ ሁለት ነገር ተጣምሮ ነው፤ የተቆጠረ ፈጣን ዳታ እና ማብቂያ የሌለው ዝግተኛ ጅራት። ዝግታው ምን ማለት እንደሆነ ስሌት ያሳያል። ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 128 ኪሎቢት ወረደ ቢባል፣ 5 ሜጋባይት የሚመዝን አንድ የጆርናል ጽሑፍ ለማውረድ ከአምስት ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ ሦስት ተማሪዎች በአንድ ሆትስፖት እያንዳንዳቸው አንድ ጽሑፍ ቢጀምሩ ከሩብ ሰዓት በላይ ይጠብቃሉ። አንድ ጊጋባይት የሚሆን የሶፍትዌር እድሳት በዚያው ፍጥነት ከ17 ሰዓት በላይ ይወስዳል።

ዳታውን የሚበላው ማን ነው?

በዚህ ላይ የተለመደው ግምት ተገልብጦ ይገኛል። መረጃ ሰብሳቢው የሚልከው መጠይቅ ከባድ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን እጅግ ቀላል ነው። በኦዲኬ ወይም በኮቦ ቱልቦክስ የተሞላ አንድ ፎቶ የሌለበት መጠይቅ 50 ኪሎባይት ይመዝናል ብንል፣ የ300 አባወራዎች መጠይቅ በድምሩ 15 ሜጋባይት ብቻ ነው። በእያንዳንዱ መጠይቅ ላይ 3 ሜጋባይት የሚመዝኑ ሁለት ፎቶዎች ቢታከሉ ግን ድምሩ ወደ 1.8 ጊጋባይት ያድጋል። ስለዚህ በዳባት ቀበሌዎች ቤት ለቤት የሚዞር ቡድን ያልተገደበ ጥቅል የሚያስፈልገው በመጠይቁ ምክንያት አይደለም፤ ፎቶው በእርግጥ ያስፈልግ እንደሆነ፣ ከተፈለገም በስንት ጥራት እንደሚነሣ አስቀድሞ መወሰን የጥቅሉን ዓይነት ከመምረጥ ይቀድማል።

ዋናው በላተኛ ላፕቶፑ ነው። ላፕቶፕ ከሆትስፖት ጋር ሲገናኝ የቤተ መጻሕፍት ዋይፋይ ያገኘ ይመስለዋል፤ የሥርዓተ ክወናውን እድሳት ያወርዳል፣ ፎቶዎችን ወደ ደመና ማከማቻ ይጭናል፣ የጸረ ቫይረሱን መዝገብ ያድሳል። ባለቤቱ ሁለት ኢሜይል ልኮ ሲዘጋው ጊጋባይቶች አልቀው ያገኛቸዋል። ዊንዶውስ አንድን ዋይፋይ «የሚለካ ግንኙነት» ብሎ የመመዝገብ አማራጭ አለው፤ ይህ አማራጭ ሲበራ አብዛኛው እድሳት ይቆማል። በአንድ ደቂቃ የሚፈጸም ሥራ ሆኖ ሳለ በመስክ ዝግጅት ዝርዝር ውስጥ እምብዛም አይታይም። ታብሌቶቹም የራሳቸው ወጥመድ አላቸው፦ «በዋይፋይ ብቻ ላክ» ተብሎ የተስተካከለ መተግበሪያ ሆትስፖቱንም ዋይፋይ ብሎ ሊቆጥረው ይችላል።

ገደሉና ምሰሶው

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች። በደጋው ሜዳ ላይ፣ በዳባትና በደባርቅ መካከል፣ የሬዲዮ ሞገድ የሚጋርደው ጥቂት ነው። ከሊማሊሞ ጫፍ ወደ ታች ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ገደሉ ራሱ ጥላ ይጥላል። ምሰሶው በቅርብ ርቀት ቢሆንም ከሥሩ በሸለቆ ውስጥ ያለው ስልክ ምንም ላያገኝ፣ ከሸለቆው ማዶ ካለ ተረተር ላይ የቆመው ግን ከሩቅ ሊያገኝ ይችላል። መንገድ መሪዎችና በቅሎ ጫኚዎች ኔትወርክ የሚያዝበትን ጉብታ በቃላቸው መያዛቸው ለዚህ ነው።

ደካማ ምልክት በሚያዝበት ቦታ ስልኩ ከምሰሶው ጋር ለመነጋገር የበለጠ ኃይል ያወጣል። በዚያ ላይ ዋይፋይ ማሰራጨት ሲጨመርበት ባትሪው በፍጥነት ይወርዳል፤ የስሜን ሌሊት ብርድም የሊትየም ባትሪን አቅም ይቀንሳል። ላፕቶፑን በዩኤስቢ ገመድ ከስልኩ ጋር ማያያዝ ይህን በከፊል ያቃልላል፤ ስልኩ ዋይፋይ ከማሰራጨት ያርፋል፣ ከላፕቶፑም ኃይል ይወስዳል። ብሉቱዝ ፍጥነቱ አነስተኛ ቢሆንም የጽሑፍ መጠይቅ ለመላክ ይበቃል፤ ባትሪም ይቆጥባል።

ከምሰሶው ጋር የተያያዘ ሌላ ጉዳይ ደግሞ አለ፤ እዚህ ላይ የእሳቱ ምሳሌ ፈጽሞ ይፈርሳል። የአንድ ምሰሶ አቅም ለአካባቢው ሰው ሁሉ የተከፋፈለ ነው። በአንዲት ትንሽ ከተማ ያረፈ የጥናት ቡድን በምሽት በሦስት ላፕቶፖች የቪዲዮ ስብሰባ ሲያደርግ፣ በዚያው ሰዓት በቴሌብር ገንዘብ የሚልከው ነጋዴ መስመር ሊዘገይበት ይችላል። ያልተገደበው ጥቅል የተመራማሪው ነው፤ የተገደበው አቅም ግን የሁሉም ነው። ጉዳዩ በጥናት ሥነ ምግባር ቅጾች ላይ ቦታ አግኝቶ አያውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ማጋራትና መሸጥ

የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም አገልግሎት መስጠትን በጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ደግሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሞ ገበያውን ለሌሎች ከፈተ፤ ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ2013 ዓ.ም. ለፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር መክፈሉ ፈቃድ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያሳያል። ከዚህ አንጻር መለየት ያለበት መስመር ሆትስፖት በመክፈትና ባለመክፈት መካከል ያለው አይደለም። ለሥራ ባልደረባ በነጻ ማጋራት የአንድ ደንበኛ የግል አጠቃቀም አካል ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። በሰዓት ሒሳብ ለእንግዶች ወይም ለተማሪዎች የይለፍ ቃል የሚሸጥ ሰው ግን «አገልግሎት መስጠት» ወደሚለው ሐረግ እየቀረበ ነው፤ ያልተገደበ ጥቅል ከሆነ ደግሞ ኩባንያው ያልሸጠለትን እየሸጠ ነው።

ለተመራማሪው የበለጠ የሚቀርበው ጉዳይ የኃላፊነት ነው። ሲም ካርድ በመታወቂያ የተመዘገበ ስለሆነ፣ በሆትስፖቱ በኩል የተደረገ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚያመለክተው የሲሙን ባለቤት ነው። በተግባር ይህ ባለቤት ብዙ ጊዜ ዋናው ተመራማሪ ሳይሆን በቀን አበል የተቀጠረው መረጃ ሰብሳቢ ወይም የአካባቢው መንገድ መሪ ነው። የጥናቱ ቡድን በእርሱ ስልክ፣ በእርሱ ስም፣ አንዳንዴም በእርሱ ገንዘብ ይሠራል። «12345678» የሚል የይለፍ ቃል ከተሰጠበት ደግሞ በአጠገቡ የሚያልፍ ሁሉ በስሙ መግባት ይችላል። የጥናቱ በጀት ለቡድኑ አንድ ሲም ካርድ በተቋሙ ስም አውጥቶ፣ ለመረጃ ሰብሳቢዎች ደግሞ አነስተኛ የተቆጠረ ጥቅል በየስልካቸው በስጦታ ቢልክላቸው፣ ወጪውም ኃላፊነቱም ወደሚገባው ሰው ይመለሳል። በኢትዮ ቴሌኮም መስመር ይህ በ*999# የሚፈጸም ነው።

መስመሩ ሲጠፋ

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል በተፈጠረው የጸጥታ ቀውስ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። በዚያ ጊዜ የተቆጠረና ያልተገደበ የሚለው ልዩነት ትርጉም አጣ። በሆትስፖት ላይ ብቻ የተመሠረተ የጥናት ዕቅድ የያዘ ሰው መጠይቁን መላክ፣ ከአማካሪው ጋር መገናኘት፣ የረቂቁን ቅጂ በደመና ማስቀመጥ በአንድ ጊዜ ነበር የቀረበት።

መጠይቅ መሰብሰቢያ መተግበሪያዎቹ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠሩ ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ የተሞላው ቅጽ መስመር እስኪገኝ በታብሌቱ ውስጥ ይቆያል። ነገር ግን ታብሌቱ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ መረጃውም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ በየምሽቱ ቅጾቹን ከታብሌቶቹ በገመድ ወደ አንድ ላፕቶፕ ገልብጦ መመስጠር፣ ሁለተኛውን ቅጂ በፍላሽ ለሌላ የቡድኑ አባል መስጠት የሆትስፖቱ ምትክ ሳይሆን ከሆትስፖቱ የሚቀድም ሥራ ነው። አስፈላጊ ጽሑፎችን ከጎንደር ወይም ከደባርቅ ግቢ ሳይወጡ አውርዶ መያዝም እንዲሁ። እንዲህ የተዘጋጀ ቡድን ወደ ዛሪማ ሲወርድ ከስልኩ የሚጠይቀው በቀን ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ይሆናል፤ ይህን ያህል ደግሞ የትኛውም አነስተኛ ጥቅል፣ ኔትወርክ በሚያዝበት ጉብታ ላይ አሥር ደቂቃ በመቆም፣ ያደርሳል።