አስታማሚዋን ማን ያስታምማታል?

ስለ ነርሶች የሥራ ጫናና ስለ ጥሪ ውሳኔ የቀረበ ጥናት



በሐምሌ ወር፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ባደረበት አንድ ማለዳ፣ በነርስነት የምታገለግል አንዲት እኅታችን ከሌሊት ተረኝነቷ ወጥታ ወደ ቤቷ ሳትሄድ ወደ እኛ መጣች። በእጇ የታጠፈ ወረቀት ይዛ ነበር። ወረቀቱ የሥራ መልቀቂያ ማመልከቻ ሲሆን፣ የተጻፈውም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከሩቅ ወረዳ ሪፈር ተብላ ዘግይታ የደረሰች አንዲት ወላድ ብዙ ደም ፈስሷት ካረፈች በኋላ ነው። እኅታችን ያቀረበችልን ጥያቄ አጭር ነበር። «አባ፣ ይህን ዛሬ ባስገባ ኃጢአት ይሆንብኛል?» አለችን።

እኛም በዚያች ሰዓት የሚገባውን መልስ አልሰጠናትም። ስለ መሥዋዕትነትና ስለ መስቀል ጥቂት ቃል ተናገርን፤ እርሷም አንገቷን ደፍታ ሰማችን፤ ዓይኖቿ ግን በእንቅልፍ ይከደኑ ነበር። በመጨረሻ ንግግራችንን አቋርጠን ሻይና ዳቦ አቀረብንላት፤ ወረቀቱን ይዛ ሄዳ እንድትተኛና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንድትመለስም ነገርናት። ከስብከቱና ከዳቦው የትኛው እንደ ጠቀማት ለመረዳት ጊዜ ወስዶብናል። ይህን ጥናት ለማዘጋጀት ያነሣሣንም ያ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ፣ እንዲህ ያለው ድካም የሚታወቅና ስም የተሰጠው ነገር መሆኑን እንረዳ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች መዘርዝር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ካልተቃለለ የሥራ ውጥረት የሚመጣውን ዝለት አስፍሮታል፤ በሽታ ነው አላለም፣ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክሥተት ነው እንጂ። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፤ የኃይል መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅና መሰልቸት፣ እንዲሁም «የምሠራው ሁሉ ከንቱ ነው» የሚል ስሜት። ሁለተኛውን ምልክት በተለይ አስተውሉ። ሕመምተኛውን በስሙ ትጠራ የነበረች ነርስ «ሰባተኛው አልጋ» ብላ መጥራት ስትጀምር፣ በአስታማሚው ላይ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ፣ እኛ ክፉ ሆነች ብለን እንፈርድባታለን። ብዙ ጊዜ ግን ልቧ የሚጠበቅበት ሌላ መንገድ አጥቶ በሩን መዝጋቱ ነው።

የቤተ ክርስቲያን አባቶችም ለዚህ የሚቀርብ ነገር ያውቁ ነበር። በግብፅ በረሃ ይኖር የነበረውና እ.ኤ.አ. በ399 ያረፈው መነኩሴ ኤቫግሪዮስ ስለ ሀኬት ሲያስተምር፣ በዳዊት መዝሙር ጋኔነ ቀትር የተባለውን መንፈስ ያነሣል። ይህ መንፈስ መነኩሴውን በቀትር ያገኘዋል፤ ፀሐይ የቆመች ያህል ቀኑ ይረዝምበታል፤ በዓቱን፣ የእጁን ሥራና አብረውት ያሉትን ወንድሞች ያስጠላዋል፤ ሥራ ቀላል፣ ሰውም ደግ የሆነበት ሌላ ስፍራ እንዳለ ያሳስበዋል። የኤቫግሪዮስ ምክር በአጭሩ በዓትህን አትልቀቅ የሚል ነው። ብዙዎቻችን ካህናት በዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ይህን ተምረን ስለ ወጣን፣ ልልቀቅ የሚል ሰው ሲመጣ ወዲያው ይህንኑ እንመክራለን። ነገር ግን ሀኬትና የሥራ ዝለት መልካቸው ይመሳሰል እንጂ መድኃኒታቸው አንድ አይደለም። በሀኬት የተያዘ ሰው ቢያርፍም አይጠግብም፤ የዛለ ሰው ግን ሁለት ሌሊት በደንብ ከተኛ በኋላ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ተዋቸው ሕመምተኞች ነው። ይህ ከልምድ ያየነው እንጂ ሕግ አይደለም፤ ቢሆንም ለመለየት ይረዳል።

ቅዱስ መጽሐፍ በዚህ ነገር ከእኛ ይልቅ ጠንቃቃ ነው። በአንደኛ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 19 ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ፊት ሸሽቶ በምድረ በዳ በአንዲት ዛፍ ሥር ወድቆ ሞትን ሲለምን እናገኘዋለን። መልአኩ መጥቶ አልገሠጸውም፤ እምነትህ ወዴት አለ አላለውም፤ ቀስቅሶ የጋገረ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ነቢዩ በልቶ ዳግመኛ ተኛ፤ መልአኩም እንደ ገና ቀስቅሶ መገበው። እግዚአብሔር በዚህ ምን ታደርጋለህ ብሎ የጠየቀው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ አርባ ቀን ተጉዞ ኮሬብ ሲደርስ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል፤ እንጀራው፣ ከዚያ እንቅልፉ፣ ከዚያ መንገዱ፣ ጥያቄው በመጨረሻ። እኛ ግን ለእኅታችን ጥያቄውንና ስብከቱን አስቀድመን ዳቦውን ለመጨረሻ አቆየነው። ደግሞም ኤልያስ ከኮሬብ ሲመለስ የተሰጠው ትእዛዝ ኤልሳዕን ከጎኑ እንዲያደርግ ነበር፤ ብቻውን የቀረ ለመሰለው ነቢይ ሥራውን የሚካፈለው ሰው ተሰጠው።

ብቻ አለመሸከም የሚለው ነገር በእኛ በጎንደር ምድር የራሱ ታሪክ አለው። በ1945 ዓ.ም. ማብቂያና በ1946 ዓ.ም. መጀመሪያ ግድም በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ 7000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ተጽፏል። ያን ጊዜ የነበረው የጤና አገልግሎት እንዲህ ላለ መዓት የሚበቃ አልነበረም። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሲከፈት ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን በአንድ ግቢ ያሠለጥን ጀመር። ተማሪዎቹም በአንድነት ቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይላኩ ነበር፤ በደምቢያ ያለው ቆላ ድባም ከእነዚህ መለማመጃ ስፍራዎች አንዱ ነው። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ተቋም ከዚህ ሥር የበቀለ ነው። እንግዲህ በዚህ ምድር ነርስ ገና ከመጀመሪያው ለብቻዋ እንድትቆም አልታሰበችም፤ በቡድን መካከል እንድትሠራ ነበር የሠለጠነችው።

የሙሴ አማት ዮቶርም ያየው ይህንኑ ነው። ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ ተመልክቶ የምታደርገው መልካም አይደለም፣ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ ብሎ ሥራውን እንዲያካፍል መከረው (ዘጸአት 18)። የሙሴ ድካም ከትጋት እንጂ ከስንፍና አልመጣም፤ ዮቶርም ትጋቱን አልነቀፈም፤ የነቀፈው የሥራውን አደላደል ነው።

አሁን ግን በተግባር ያለው ሌላ ነው። በደባርቅ፣ በዳባት፣ በጃናሞራና በበየዳ ደጋ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ፣ ብርዱ ሲጸና ጋቢዋን በነጭ ጋዋኗ ላይ ደርባ ብዙ ጊዜ ብቻዋን ታድራለች። ምጥ የጠናባት እናት በቃሬዛ ስትመጣ፣ አምቡላንስ ሲዘገይ ወይም መንገድ ሲዘጋ፣ የምታማክረው ሰው አጠገቧ የለም። በከተማው ትልቅ ሆስፒታል ደግሞ ሰው አይጠፋም፤ ሕመምተኛውና አስታማሚው ግን ከአልጋው ይበዛል። በዚህ ላይ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በክልላችን የተቀሰቀሰው ግጭት ቁስለኛውንም ስጋቱንም አበዛው። ይህን ሁሉ ተከታትሎ የመጣ መከራ በአንድ ትከሻ የተሸከመ ሰው ቢዝል የሚያስገርም አይሆንም።

ስለዚህ ጫናው ሁሉ በጸሎት ብቻ ይወገዳል ብለን አንስበክ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄያቸውን በይፋ ማንሣታቸው፣ ከፊሎቹም ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸው ይታወሳል። ቤተ ክርስቲያን ከር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ የ1891 እ.ኤ.አ. መልእክት ጀምሮ ሠራተኛ ራሱንና ቤተሰቡን የሚያኖር ደመወዝ ሊያገኝ እንደሚገባው አስተምራለች። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት የአንድ ሥርዓት ፍትሐዊነት በተግባር የሚፈተነው በሚከፍለው ደመወዝ መሆኑን ገልጸዋል፤ ዕረፍትንም ከሠራተኛው መብቶች መካከል ቈጥረዋል። ሥራ ማቆም በተገቢ ሁኔታ የተፈቀደ መሆኑን ሲያስተምሩም፣ ለሕዝብ ሕይወት እጅግ አስፈላጊ የሆኑ አገልግሎቶች እንዳይቋረጡ ያሳስባሉ። ነርስ ፍትሕን ስትጠይቅ ጥሪዋን ረሳች አይባልም።

በነርሷ በራሷ እጅ ያለውስ ምንድር ነው? ትንሽ ነው፤ ግን አለ። ስለ ደጉ ሳምራዊ በተነገረው ምሳሌ (ሉቃስ 10) ብዙ ጊዜ የምንዘልለው አንድ ነገር ይገኛል። ሳምራዊው ቁስለኛውን ወደ እንግዶች ማደሪያ አድርሶ አንድ ሌሊት ጠበቀው፤ በማግሥቱ ሁለት ዲናር ሰጥቶ ለማደሪያው ጠባቂ አስረከበውና መንገዱን ቀጠለ። ቁስለኛው ገና አልዳነም ነበር፤ ሳምራዊው ግን ማስረከብ ያውቅ ነበር። በየተረኝነቱ መጨረሻ የሚደረገው ርክክብ እንዲሁ ነው። አንዲት ነርስ የቀረውን ሁሉ በጥንቃቄ ጽፋና ተናግራ ካስረከበች በኋላ «አሁን እነዚህ ሰዎች በሌላ እኅቴ እጅ፣ ከሁሉም በላይ በእግዚአብሔር እጅ ናቸው» ብላ ከበሩ መውጣት መቻል አለባት። በወጣችበትም መንገድ አምስት ደቂቃ ቆማ ያን ቀን የሆነውን፣ ያዘነችበትንም ሳትደብቅ፣ ለጌታ ብትነግረው ቤቷ የምትገባው ሌሊቱን ተሸክማ አይሆንም። እንቅልፍ ለሳምንታት ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ወይም ኤልያስ እንደ ተመኘው ሞትን መመኘት ከመጣ ግን ጸሎትም ሕክምናም ያስፈልጋል። ጎንደር ከተማ ውስጥ የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለ፤ ወደዚያ መሄድ ነውር አይደለም፤ ጸበልም ሆነ ሱባኤ ስለ እርሱ አይቀሩም።

ወደ ማመልከቻው እንመለስ። ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ በመንፈሳዊ ልምምዶች መጽሐፉ ካሰፈራቸው ሕግጋት አንዱ፣ ሰው ልቡ በጨለመበትና በተጨነቀበት ሰዓት ቀድሞ የጸናበትን ውሳኔ እንዳይለውጥ የሚያዝዝ ነው። ይህ ማለት ፈጽሞ አትለውጥ ማለት አይደለም፤ በዚያ ሰዓት አትለውጥ ማለት ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የተጻፈ ማመልከቻ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከቀኑ አራት ሰዓት፣ ከዕረፍት በኋላ፣ እንደ ገና ሊነበብ ይገባዋል። ከዚያም ቅዱሱ የሚያቀርባቸው ሁለት መመዘኛዎች አሉ፤ አንደኛው፣ ፈጽሞ የማላውቀው ሰው በዚህ ጉዳይ ቢያማክረኝ ምን እመክረው ነበር የሚል ነው፤ ሁለተኛው፣ በሞቴ ቀን ምን ወስኜ በተገኘሁ ብዬ እመኝ ነበር የሚል ነው። የመጀመሪያው በተለይ ለነርሶች ይጠቅማል፤ ለሌላው የሚራሩትን ያህል ለራሳቸው የማይራሩ ናቸውና።

ምርጫውም መልቀቅ ወይም መቅረት ብቻ አይደለም። ክፍል መቀየር፣ ከደጋ ወደ ከተማ ወይም ከከተማ ወደ ደጋ ዝውውር መጠየቅ፣ ትምህርት ማሻሻል፣ ወደ ግል ክሊኒክ ወይም ወደ ውጭ አገር መሄድ፣ ሙያውንም ትቶ በሌላ ሥራ መኖር ሁሉም በእውነት የሚመረጡ መንገዶች ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ የሚጠየቀው፣ የምሸሸውን ብቻ ነው የማውቀው ወይስ የምሄድበትንም አውቀዋለሁ የሚለው ነው። ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ የምታስብ እኅት የደላላውን ቃል ብቻ ሰምታ አትወስን፤ ውሉን በምታውቀው ቋንቋ ታንብብ፣ በሙያዋ እንደምትሠራም ታረጋግጥ።

የነርሶች ጠባቂ የሆነው ቅዱስ ካሚሎስ ደ ሌሊስ (1550–1614 እ.ኤ.አ.) መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። ወታደርና ቁማርተኛ ነበር፤ ሮም በሚገኘው በቅዱስ ያዕቆብ ሆስፒታል በእግሩ ቁስል ምክንያት ታካሚም አገልጋይም ሆኖ ሳለ በጠብና በቁማር ተባረረ። ከተመለሰ በኋላ የካፑቺን መነኩሴ ለመሆን ፈለገ፤ የማይድነው ቁስሉ ከለከለው፤ በሩ ሲዘጋበት ወደዚያው ሆስፒታል ተመለሰና ጥሪውን በዚያ አገኘው። ሕሙማንን የሚያገለግል ማኅበር መሥርቶ ለዓመታት ከመራ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1607 የአለቅነቱን ሥልጣን ለቀቀ፤ ወደ ሕመምተኞች አልጋ ለመቅረብ ሲል ነው። ቅዱሱም ለቋል፤ የለቀቀው ግን የሚሄድበትን አውቆ ነው።

እኅታችን በተቀጠረው እሑድ ወረቀቱን ይዛ መጣች። ለጥያቄዋም፣ በተገቢው ሥርዓት አስታውቃና ተረኛነቷን አስረክባ መልቀቅ ኃጢአት እንዳልሆነ በግልጽ ነገርናት። ይህን በሰማች ጊዜ አለቀሰች፤ ከዚያም ወረቀቱን ለጊዜው አላስገባም አለች። ከማዋለጃ ክፍል ወደ ሕፃናት ክትባት እንድትዛወር አመለከተች፤ ከአንድ ወር በላይ ደጅ ጠንታ ተፈቀደላት። የመጨረሻ ውሳኔዋን ገና አልወሰነችም፤ እኛም አንቸኩልባትም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ በየቁምስናችሁ ያሉትን የጤና ባለሙያዎች ቍጠሩ። እሑድ ስለ ቀሩ ከመውቀሳችሁ በፊት ተረኛ እንደ ነበሩ ጠይቁ፤ ለሌሊት ተረኞች የሚመች የቅዳሴ ሰዓት ካስፈለገ ለቆሞሳችሁ አሳውቁ። የሕሙማን ቀን የካቲት 4 ሲከበር በጸሎተ ምእመናን ከሕሙማኑ ጋር የነርሶችና የአዋላጆች ስም እንዲነሣ አድርጉ። ከተረኝነት የወጣች እኅት ደጃችሁን ብትመታ ደግሞ መጀመሪያ ውኃው ይጣድ።