ማር፣ ስኳር፣ ወይስ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ?

ከመካነ ሰላምና ከአካባቢው የመጣን ተማሪዎች ስለ ጣፋጭ ነገር ስንከራከር ዘወትር ማርን አሸናፊ እናደርጋለን። ማር የንብ ሥራ ነው፤ ስኳር የፋብሪካ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ማር አይጐዳም እንላለን። ከዚህም አልፎ የስኳር በሽታ ላለበት ዘመድ፣ «ንጹሕ ማር እስከ ሆነ ድረስ ግድ የለም» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ነገሩ የሰው ሕይወት የሚነካ ስለ ሆነ የአርትስ ተማሪዎች ብንሆንም ጥቂት ልናጠናው ወደድን። የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን በሰው እርሻ ገቡ ብለው እንዳይቀየሙን።

ማር ከመቶው 17 ወይም 18 እጅ ያህሉ ውኃ ነው። የቀረው አብዛኛው ፍሩክቶስና ግሉኮስ የሚባሉ ሁለት የስኳር ዓይነቶች ናቸው። ነጩ ስኳርም ከእነዚሁ ከሁለቱ ጥምረት የተሠራ ሲሆን፣ አንጀታችን ውስጥ ሲደርስ ይለያያሉ። እንግዲህ ማርና ስኳር በመልክና በመዓዛ ቢራራቁም ለደም ግን የቅርብ ዘመዶች ናቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 64 ካሎሪ ያህል ይሰጣል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ያህል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ማርንም ከስኳር ጋር አንድ ላይ ቈጥሮ፣ ለዐዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ወደ 25 ግራም እንዲወርድ መክሯል። 25 ግራም ማለት ስድስት የሻይ ማንኪያ ነው። በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሦስት ማንኪያ የሚጨምር ሰው ሁለተኛውን ብርጭቆ ሲጨርስ ድርሻውን ጨርሷል ማለት ነው።

ስኳር ለደገኛው እንግዳ ነበር። የወንጂ ፋብሪካ፣ በሆላንዳውያን ኩባንያ እጅ፣ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ቃሉም ቢሆን ከዐረብኛው «ሱከር» ጋር የሚዛመድ ሲሆን ሥሩ እስከ ሕንድ ሳንስክሪት ይደርሳል። በወሎ ገጠር ቡናውን በጨው የሚጠጣ ቤት ዛሬም አለ፤ የደም ግፊት ላለበት ሰው እርሱም የራሱ ጣጣ አለው።

ሰው ሠራሾቹ ማጣፈጫዎች የመጡበት መንገድ ያስቃል። ሳካሪንን በ1879 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ያገኘው ፋልበርግ እጁን ሳይታጠብ ራት ቀርቦ ነው ይባላል። አስፓርቴምን በ1965 እ.ኤ.አ. ያገኘው ሽላተርም ጣቱን ሲልስ ነው ጣፋጭነቱን ያወቀው። በእኛ አገር ቢሆን ማስታጠቢያ ይቀርብላቸውና ግኝቱ ከእጣቢው ጋር በተደፋ ነበር! ሳካሪን ከስኳር 300 ጊዜ ያህል፣ አስፓርቴም 200 ጊዜ፣ ሱክራሎዝ 600 ጊዜ ያህል ይጣፍጣሉ። ስለዚህ የሚበቃው እጅግ ጥቂት ነው፤ የደም ስኳርንም አይጨምሩም።

አስፓርቴም ካንሰር ያመጣል የሚለው ወሬስ? በሐምሌ ወር 2023 እ.ኤ.አ. የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት «ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚላቸው መካከል መደበው። ማስረጃው ግን ውሱን ነው። በዚያው ጊዜ የምግብ ተጨማሪዎችን የሚመረምሩት ሊቃውንት ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን እስከ 40 ሚሊ ግራም የሚለውን የቀድሞ ልክ አልለወጡም። በሌላ በኩል በዚያው ዓመት በግንቦት የዓለም ጤና ድርጅት፣ የስኳር በሽታ የሌለበት ሰው ክብደት ለመቀነስ ብሎ በእነዚህ ማጣፈጫዎች እንዳይመካ አሳስቧል። በእኛ አስተያየት ጤነኛ ሰው ማንኪያውን ቢቀንስ ይሻለዋል፤ የስኳር በሽተኛ ግን ሻዩን በሳካሪን ቢያጣፍጥ ነውር የለበትም።

ወደ ማድ ቤት ስንገባ ነገሩ ይለያያል። አስፓርቴም ብዙ ሲፈላ ጣዕሙን ስለሚያጣ ሻዩ ከእሳት ከወረደ በኋላ ይጨመር። ዳቦ ላይ ደግሞ ስኳር ማጣፈጫ ብቻ አይደለም፤ እርሾውን ይመግባል፣ ቅርፊቱን ያቀላል፣ ርጥበት ይይዛል። በሳካሪን የተጋገረ ዳቦ ገርጥቶ ቶሎ ይደርቃል። ስኳሩን በማር የሚተካ ሰው ውኃውን ይቀንስ፤ ማር ቶሎ ስለሚያር እሳቱንም ያለዝብ። መካነ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ስለ ሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ሊጡም ከቈላው ይልቅ ቶሎ ይነሣል። ጠጅማ በሳካሪን አይታሰብም፤ እርሾው የሚበላው ስኳር ከሌለ የሚቀረው መራራ የጌሾ ውኃ ነው። ለማይሰክር መጠጥ ብርዝ አለልን። ነገር ግን ብዙ ቀን ከቈየ እርሱም ይብላላል።

ስለ ማር ሁለት ነገር እንጨምር። በደጋ ብርድ ማር ሲረጋ «ስኳር ተቀላቅሎበታል» ይባላል፤ ነገር ግን ንጹሕ ማርም በተፈጥሮው ይረጋል፤ መርጋቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ግን ንጹሕም ቢሆን ማር አይቅመስ፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ በሽታ ሊይዘው ይችላል።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በድንገት ቢያልበው፣ እጁ ቢንቀጠቀጥ፣ ንግግሩ ቢዘባረቅ፣ የደም ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ምንም አይረዳውም። አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር መስጠት ያስፈልጋል፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው ይደገም። ራሱን ከሳተ ግን ምንም ነገር በአፉ ሳይጨመር በጎኑ አስተኝቶ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። በረመዳንም ሆነ በሁዳዴ የሚጾም በሽተኛ ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ በጾሙ መካከል ይህ ምልክት ከታየበትም ማሩን ወይም ስኳሩን ወዲያው ይውሰድ።