ለራቀ ልጅ ስለሚነገር የቤት ወሬ

ወላጅ ለልጁ ያለበት ግዴታ ልጁ አድጎ ራሱን በቻለ ጊዜ አያበቃም፤ መልኩን ይለውጣል እንጂ። ልጅ በሕፃንነቱ ምግብ፣ ከፍ ሲል ልብስና ትምህርት፣ በጕልምስናው ምክርና ምርቃት ከወላጆቹ ይቀበላል። ከቤት ወጥቶ በሌላ ከተማ ወይም በባዕድ አገር ኑሮውን ከመሠረተ በኋላ ግን እናት ልታጎርሰው፣ አባት በዐይኑ ሊጠብቀው አይችልም። በዚያን ጊዜ በወላጅ እጅ የሚቀረው ስጦታ ሁለት ነው፤ አንደኛው ጸሎት፣ ሁለተኛው ቃል ነው። ስለ ጸሎት በየጊዜው ትምህርት ይሰጣል። ስለ ቃሉ፣ ይኸውም ወላጅ ለራቀ ልጁ ስለሚነግረው የቤት ወሬ፣ ግን እምብዛም አይነገርም፤ እንደ ቀላል ነገር ይታያልና። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የቤት ወሬ ምን ያህል ክብደት እንዳለውና እንዴት ሊነገር እንደሚገባው ለማስረዳት እንሞክራለን።

ወሬ የሚለው ቃል በአነጋገራችን ሁለት መልክ አለው። ወሬኛ የተባለ ሰው ተነቅፏል፤ «የቤታችሁ ወሬ እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን ስለ ሰው ጤና፣ ስለ ልደትና ስለ ሞት፣ ስለ ዝናምና ስለ ገበያ አስቦ የጠየቀ ወዳጅ ነው። የምንናገረው ስለ ሁለተኛው ነው።

በቅዱሳት መጻሕፍት ይህ ዐይነቱ ወሬ የተናቀ ሆኖ አናገኘውም። ሦስቱ ታላላቅ ልጆቹ ወደ ጦር ሜዳ በወረዱ ጊዜ እሴይ ታናሹን ዳዊትን የተቈላ እህልና እንጀራ አስይዞ የላከው፣ የወንድሞቹን ደኅንነት ጠይቆ ምልክት ይዞ እንዲመለስ ነበር። ዳዊት ጎልያድን ድል የነሣበት ቀን የተጀመረው አንድ አባት የጎለመሱ ልጆቹን ወሬ ለማወቅ በመናፈቁ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም የሚሄድበት ጊዜ እንደ ደረሰ እያወቀ ለመንፈስ ልጁ ለጢሞቴዎስ በጻፈለት በሁለተኛው መልእክት፣ ከታላቁ የሃይማኖት አደራ አጠገብ የዕለት ኑሮን ነገር አኑሯል። ኤርስጦስ በቆሮንቶስ እንደ ቀረ፣ ጥሮፊሞስ ታሞ በሚሊጢን እንደ ተተወ ያስታውቀዋል፤ በጢሮአዳ ከአክርጳ ዘንድ የቀረውን በርኖስ ይዞለት እንዲመጣም ይለምነዋል። በዚሁ መልእክት መጀመሪያ የአያቱን የሎይድንና የእናቱን የኤውንቄን እምነት ያስታውሰዋል። እንግዲህ የታመመው ወዳጅ፣ የክረምቱ ልብስና የአያት እምነት በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ተገናኝተዋል። ሐዋርያው ይህን ያህል ነገር ለመንፈስ ልጁ ከጻፈ፣ የሥጋ ወላጅ ለልጁ ለመንገር የሚያፍርበት ምክንያት የለም።

ይህን ነገር በቅርብ እናስተውለው ዘንድ የደሴንና የኮምቦልቻን ቤተ ሰቦች እንመልከት። ወሎ ከጥንት ጀምሮ የመሰባሰብ አገር ነው። ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ተብሎ መጠራቱ፣ ድኻ ከጌታ ሳይለይ ሁሉ የሚስተናገድበት በመሆኑ ነው። የዚያ ስም መንፈስ በየቤቱ ይኖራል። በሠርግና በክርስትና ቀን ሙስሊም ጎረቤት ይጠራል፤ ለእርሱም ሥጋው ለብቻ ታርዶ፣ ጠላ ለማይጠጣው ብርዝ ተበጥብጦ ይቀርብለታል፤ በዒድ ቀን ደግሞ ክርስቲያኑ በተራው ይጠራል። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን የግማደ መስቀሉን በዓል ለማክበር ወደ አምባሰል፣ ወደ ግሼን ማርያም የሚወጣው ምእመን በደሴ ሲያልፍ፣ ከአዲስ አበባና ከባሕር ማዶ የመጡ ልጆች በዚያው ሰበብ የወላጆቻቸውን ደጅ ይረግጣሉ።

ነገር ግን በየዓመቱ ሊመጣ የሚችለው ጥቂቱ ነው። ከወሎ ብዙ ወጣት ለእንጀራ ፍለጋ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች ይሄዳል፤ ሌላው በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአውሮፓና በአሜሪካ ይኖራል። በደሴ ፒያሳ ያደገ ሰው በሩቅ አገር ሆኖ ወደ ቤቱ ሲደውል፣ ከሰላምታው ቀጥሎ «ፒያሳ እንዴት ናት?» ይላል። ፒያሳ ማለት በጣልያንኛ አደባባይ ማለት ነው፤ ጠያቂው ግን ስለ አደባባዩ ድንጋይና ስለ ሕንፃው ለማወቅ አይደለም። የሚያውቃቸው ሰዎች በሕይወት መኖራቸውን፣ ስሙን ጠርቶ የሚያነሣው መኖሩን፣ ቢመለስ የሚገባበት ስፍራ እንዳለው ማወቅ ይፈልጋል።

ለዚህ ጥያቄ መልካም መልስ ምን እንደሚመስል በምሳሌ እናሳይ። አንዲት የደሴ እናት በሪያድ ለምትሠራ ልጅዋ በስልክ እንዲህ ብላ ነገረቻት እንበል። «ባለፈው እሑድ የእኅትሽን ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና አስነሣናት። ስመ ክርስትናዋ ወለተ ማርያም ነው። ከአባትሽ ጋር ተኳርፎ የነበረው አጎትሽ ከኮምቦልቻ መጥቶ አብረው በሉ። እነ ሐጂም ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው ነበር። ከጦሳ የሚወርደው ብርድ ዘንድሮ በርትቷል፤ አባትሽ ጕልበቱን ያመዋል፤ ሐኪም ዘንድ ወስደነዋል። ምርቃቱን ግን ሲጀምር ካንቺ ስም ጀመረ።»

ይህ ቃል ለመናገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ልጅቱ ግን በጸሎቷ የምታነሣው አዲስ ስም አገኘች፤ የተጣሉ ወንድማማቾች መታረቃቸውን ሰምታ ከሐሳብ ዐረፈች፤ የአባቷን ሕመም በልኩ ዐወቀች፤ በሌለችበት ማዕድ ስሟ መጠራቱን ተረዳች። በሰው ቤት ስትሠራ ውላ ማንም በስሟ ሳይጠራት ለምታመሽ ልጅ ይህ የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው። ማን መሆኗን ያስታውሳታልና።

የዚህ ወሬ ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ በ2014 ዓ.ም. በግልጥ ታይቷል። በጦርነቱ ምክንያት ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት ማብቂያ ግድም እስከ ኅዳር ማብቂያ ግድም በተያዙ ጊዜ ስልክ ተቋረጠ። በአዲስ አበባም በባሕር ማዶም ያሉ ልጆች ከወር በላይ ወላጆቻቸው በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳያውቁ ሰነበቱ። ከከተማው ሸሽቶ የወጣውን ሁሉ እያቆሙ ይጠይቁ ነበር። በጦቢት መጽሐፍ የጦብያ እናት ሐና ልጅዋ የሄደበትን መንገድ ስትመለከት ትውል እንደ ነበረ ተጽፏል፤ በዚያ ወር ግን ልጆች የወላጆችን መንገድ ተመለከቱ። መስመሩ በተከፈተ ጊዜ ብዙው ሰው መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ዕቃ ወይም ስለ ቤት አልነበረም፤ «ማን ማን አለ?» ብሎ ነው። በሰላሙ ጊዜ አሰልቺ መስሎ ይታይ የነበረው «እገሌ ደኅና ነው፤ እገሊት ደኅና ናት» የሚለው ቃል በዚያን ቀን ከወርቅ ይልቅ ከበረ።

እንግዲህ ይህን የሚያህል ስጦታ የሚያበላሹ አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ማሳጠር ነው። «ሁላችንም ደኅና ነን፤ አንተ ብቻ ደኅና ሁን» ብሎ ስልክ መዝጋት ሰላምታ ነው እንጂ ወሬ አይባልም። ብዙ ወላጆች «ይህ ትንሽ ነገር የተማረውን ልጄን ምን ይረባዋል?» ብለው ያስባሉ። ዳሩ ግን ልጁ የዓለሙን ወሬ ከሌላ ያገኘዋል፤ የቤቱን ወሬ ከእነርሱ በቀር የሚነግረው የለም።

ሁለተኛው መደበቅ ነው። የያዕቆብ ልጆች በደም የተነከረውን ቀሚስ አምጥተው ለአባታቸው በሐሰት ስላረዱት ሽማግሌው ብዙ ዘመን በከንቱ አለቀሰ። የእኛ ልማድ ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ይሄዳል፤ የሞተውን እንዳለ አድርጎ ይናገራል። መርዶን በጥንቃቄ መንገር የአባቶቻችን ጥበብ ነው። በማለዳ ሽማግሌዎችና የንስሐ አባት ተሰብስበው ሐዘንተኛውን ከብበው መንገራቸው፣ ሰው በኀዘን ብቻውን እንዳይወድቅ ነው። በባዕድ አገር ላለው ልጅ ወዳጆቹን አስቀድሞ ነግሮ በቤቱ ተሰብስበው እንዲያረዱት ማድረግም መልካም ነው። ሰዓትን መምረጥና ዓመት ሙሉ መዋሸት ግን የተለያዩ ናቸው። የእናቱ ዐርባ ወጥቶ፣ ተዝካሯ ተበልቶ፣ ልጁ በየሳምንቱ «እማዬስ?» ብሎ ሲጠይቅ «ጠበል ሄዳለች» እየተባለ ቢኖር፣ የጸሎቱንና የእንባውን ድርሻ ተነጠቀ። ኋላም በስልኩ ላይ ከባዕድ ሰው በተላከ ፎቶግራፍ ቢያውቀው ሁለት ኀዘን ይሆንበታል፤ አንደኛው ስለ እናቱ ሞት፣ ሁለተኛው ስለ ዘመዶቹ ቃል። ከዚያ ወዲህ «ደኅና ነን» ሲሉት አያምናቸውም። በሽታን መደበቅም እንዲሁ ነው፤ በሕይወት ሳለች ሊያያት ይችል የነበረውን ልጅ ወደ መቃብሯ ብቻ ያደርሰዋል።

ሦስተኛው ወሬውን በገንዘብ መለወጥ ነው። ችግርን ለልጅ መንገር ነውር አይደለም፤ ልጅም ወላጁን ሊረዳ ይገባዋል። ነገር ግን ስልክ በተደወለ ቍጥር የቤት ኪራይ፣ የሠርግ ወጪና የዕዳ ዝርዝር ብቻ የሚሰማ ልጅ፣ ቀስ በቀስ ድምፃቸውን መሸሽ ይጀምራል። ጦቢት ልጁን ብር እንዲያመጣ ወደ ሩቅ አገር በላከው ጊዜ፣ ሐና ብሩ ከልጃችን አይበልጥብንም ብላ አልቅሳለች። ይህ የእናት ልቅሶ ዛሬም ትምህርት ይሰጣል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው በመለሰች ጊዜ ብዙዎች ባዶ እጃቸውን ገቡ። እንዲህ ያለ ልጅ በወላጁ ደጅ ሳያፍር የሚቆመው፣ አስቀድሞ በነበሩት ዓመታት ከሚልከው ገንዘብ ይልቅ እርሱ ራሱ እንደሚፈለግ ከወላጆቹ አንደበት ሰምቶ ከሆነ ነው። ስለዚህ ምንም ነገር የማይለመንበት ስልክ አልፎ አልፎ መደወል ይገባል።

አራተኛው ሐሜት ነው። ከአንዱ ልጅ ጋር ሲነጋገሩ ሌላውን ማማት፣ «እኅትህ ይህን ላከች፤ አንተ ግን» እያሉ ማወዳደር፣ የምራትን ጕድለት ወደ ባሕር ማዶ ማድረስ፣ ቤተ ሰብን የሚሰበስበውን ቃል የሚበትን ያደርገዋል። ጻድቁ ኢዮብ የጎለመሱ ልጆቹ በየተራ በየቤታቸው ግብዣ አድርገው እኅቶቻቸውን ሲጠሩ፣ እርሱ ማልዶ ተነሥቶ ስለ እያንዳንዳቸው መሥዋዕት ያቀርብ ነበር። የልጆቹን መሰብሰብ ደስታ አድርጎ አይቶ፣ ስሕተታቸውን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ እንጂ ከወንድም ወደ ወንድም አላመላለሰም።

እነዚህን ከጠበቅን በኋላ አፈጻጸሙ ቀላል ነው። ፖስታ በአገራችን ከተቋቋመበት ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ ማንበብና መጻፍ የማይችል ወላጅ በካህን ወይም በተማሪ እጅ ያጽፍ ነበር። ዛሬ በስልክ በኢሞ ወይም በቴሌግራም ድምፅን ቀርጾ መላክ ስለሚቻል፣ ፊደል ያልቈጠረች እናትም ያለ አስጻፊ በገዛ ድምፅዋ ትናገራለች። ማኅበር በተጠጣ፣ ዝክር በተዘከረ፣ ክርስትና በተነሣ ማግሥት ማን እንደ መጣ፣ ማን እንደ ቀረ፣ ምን እንደ ተባለ መንገር ልማድ ይሁን። አረጋውያን በማዕዱ ላይ ሲመርቁ የራቁትን ልጆች በየስማቸው ይጥሩ፤ ምርቃቱም ተቀርጾ ይላክላቸው። ካህናትም የንስሐ ልጆቻቸውን ቤት ሲጐበኙ «የራቁት ልጆች እንዴት ናቸው? እውነቱንስ ነግራችኋቸዋል?» ብለው ቢጠይቁ ታላቅ የእረኝነት ሥራ ሠሩ። መርዶ ለመንገር የፈራ ቤተ ሰብ ሲገኝም፣ ቀኑን ቈርጠው አብረው በመቀመጥ ቢረዱ ይገባል።

ልጆችም ድርሻ አላቸው። እናት የጎረቤትን ላም መውለድ ስትነግር «ይህን ትተሽ ዋናውን ንገሪኝ» ብሎ የሚያቋርጣት ልጅ፣ ዋናውን ነገር ራሱን እንዳቋረጠ ይወቅ። ትንሹን ነገር በትዕግሥት የሰማ ልጅ ትልቁም በመጣ ቀን ይነገረዋል፤ ትንሹን የናቀ ግን ትልቁ ይደበቅበታል። እርሱም በፋንታው ስለ ሥራውና ስለ ኑሮው፣ ስለ ድካሙም ጭምር፣ እውነቱን ይንገር፤ ወላጆች የልጃቸውን ሸክም ካላወቁ በምን ይጸልያሉ?

የተበተኑትን የሚሰበስብ አምላክ በየአገሩ የሚኖሩትን ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ የወላጆቻቸውን ድምፅ በጤና ለመስማት ያብቃቸው፤ በቤታችንም የሚነገረውን ቃል የእውነትና የፍቅር ቃል ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።