አስቀድሞ ማየት፣ ኋላም መሥራት፦ ጥናት ለወጣቶች አገልግሎት የሚሰጠው ጥቅም



በየቁምስናው የወጣቶች ጉዳይ በተነሣ ቁጥር «ወጣቱ ቀዝቅዟል፤ ዓለም ወስዶታል» የሚል አነጋገር እንሰማለን። ከዚህም በኋላ ያለፈው ዓመት መርሐ ግብር ቀኑ ብቻ ተለውጦ ይደገማል። ዓመቱ ሲፈጸም የተገኙት እነዚያው ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት ለምን እንደ ቀሩ ግን የጠየቃቸው የለም። አበው «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» እንዳሉት፣ ሳይጠይቁ መፍረድ ወጣቱንም አገልግሎቱንም ይጎዳል። ስለዚህ በዚህ ትምህርታችን ጥናት ለወጣቶች አገልግሎት ምን እንደሚጠቅምና በአንድ ቁምስና እንዴት ሊከናወን እንደሚችል እንመለከታለን።

ጥናት ማለት ምን ማለት ነው?

ጥናት ሲባል ሊቃውንት ብቻ የሚሠሩት ረቂቅ ነገር መስሎ ሊታየን ይችላል። በመሠረቱ ግን በሥርዓት መጠየቅ፣ መልሱን በታማኝነት መመዝገብ፣ በመልሱ መሠረት መሥራት፣ የተሠራውም ፍሬ ማፍራቱን መልሶ መመርመር ነው። ነህምያ ኢየሩሳሌም በደረሰ ጊዜ ሕዝቡን ወዲያው ለሥራ አልጠራም። ሦስት ቀን ቆይቶ ከጥቂት ሰዎች ጋር በሌሊት ወጣ፤ የፈረሰውን ቅጥርና የተቃጠሉትን በሮች በዓይኑ አየ። ሕዝቡን ለግንባታ ያነሣሣው ከዚህ በኋላ ነው (ነህ. 2፥11-18)። ጌታችንም በኤማሁስ መንገድ ለሁለቱ ደቀ መዛሙርት መጻሕፍትን ከመተርጎሙ በፊት ስለ ምን እንደሚነጋገሩ ጠየቃቸው፤ ሐዘናቸውንም ተናግረው እስኪጨርሱ አዳመጣቸው (ሉቃ. 24፥13-27)።

ከሌሎች የምንማረው

ቤልጅየማዊው ካህን ዮሴፍ ካርዳይን (1882-1967) የዘርአ ክህነት ተማሪ ሳሉ ለዕረፍት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ ወደ ፋብሪካ የገቡት የልጅነት ባልንጀሮቻቸው ከቤተ ክርስቲያን ርቀው አገኟቸው። ካህን ከሆኑም በኋላ ወጣቶቹን በመውቀስ ፈንታ ስለ ደመወዛቸው፣ ስለ ሥራ ሁኔታቸውና ስለ ኑሮአቸው ራሳቸው እንዲመረምሩ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1925 የተመሠረተው የክርስቲያን ወጣት ሠራተኞች ማኅበር ሥራውን የመራው «ማየት፣ መመዘን፣ መሥራት» በተባለው በዚህ መንገድ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛም እ.ኤ.አ. በ1961 «ማቴር ኤት ማጂስትራ» በተሰኘው መልእክታቸው የቤተ ክርስቲያንን ማኅበራዊ ትምህርት በተግባር ለማዋል ይህንኑ መንገድ አመልክተዋል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን ወጣቶቹ የጥናቱ ተጠያቂዎች ብቻ ሳይሆኑ አጥኚዎችም መሆናቸውን ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ውጭም በጥናት የተመራ የወጣቶች አገልግሎት ምን እንደሚያስገኝ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። አይስላንድ በተባለችው የሰሜን አትላንቲክ ደሴት አገር በ1990ዎቹ የወጣቶች ስካር ከፍተኛ ችግር ነበር። ስለ መጠጥ ጉዳት ማስተማር ብቻውን ብዙ ለውጥ አላመጣም። በዚህ ምክንያት ተማሪዎች በየጊዜው መጠይቅ እንዲሞሉ ተደረገ፤ የተጠየቁትም ስለ መጠጥ ብቻ ሳይሆን ትርፍ ጊዜያቸውን እንዴትና ከማን ጋር እንደሚያሳልፉ፣ ወላጆቻቸውም የት እንዳሉ ያውቁ እንደሆነ ጭምር ነበር። ከመልሱም በስፖርትና በመሳሰለው በተደራጀ ተግባር አዘውትረው የሚሳተፉ፣ ከወላጆቻቸውም ጋር ብዙ ጊዜ የሚያሳልፉ ልጆች ከመጠጥ ይበልጥ የተጠበቁ መሆናቸው ታወቀ። ስለዚህ ለስፖርት፣ ለሙዚቃና ለሥነ ጥበብ ክበቦች ገንዘብ ተመደበ፤ ወላጆች ተደራጁ፤ ልጆች ሌሊት ከቤት ውጭ የሚቆዩበት ሰዓት በሕግ ተወሰነ። የጥናቱም ውጤት ለየአካባቢውና ለየትምህርት ቤቱ ተመልሶ ይሰጥ ነበር። ዕድሜያቸው 15 እና 16 ዓመት ከሆነው መካከል ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ሰክረው የነበሩት እ.ኤ.አ. በ1998 ከመቶ 42 ሲሆኑ፣ በ2016 ከመቶ 5 ብቻ ሆኑ። በየቀኑ የሚያጨሱትም ከመቶ 23 ወደ 3 ዝቅ አሉ። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው ማለት ባይቻልም፣ ጥያቄው ከጥፋቱ አልፎ ወደ ወጣቱ አኗኗር በመግባቱ ግን ሥራው አቅጣጫ አግኝቷል።

በቁምስናችን እንዴት እንሥራው?

አንደኛ፣ ካለን መዝገብ እንጀምር። ከ5 ዓመት በፊት የመጀመሪያ ቁርባን የተቀበሉትን ልጆች ስም ከመዝገቡ አውጥተን ዛሬ ስንቶቹ በቅዳሴና በማኅበር እንደሚገኙ፣ ስንቶቹ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ሌላ ስፍራ እንደ ሄዱ እንለይ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ነገር ግን የጠፋውንና የተሰደደውን ለይቶ ያሳያል።

ሁለተኛ፣ የቀሩትን እንጠይቅ። የሚመጡትን ብቻ ብንጠይቅ የምናገኘው የሚመጡበትን ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ለጳጳሳት ሲኖዶስ ዝግጅት 300 ያህል ወጣቶች በሮም ሲሰበሰቡ፣ ካቶሊክ ያልሆኑና እምነት የሌላቸውም ተጋብዘው ነበር።

ሦስተኛ፣ ወጣቱ ሳይፈራ እንዲናገር መንገዱን እናመቻች። በቆሞሱ ፊት የሚጠየቅ ልጅ ቆሞሱን ደስ ያሰኛል ያለውን ይመልሳል። ስለዚህ ወረቀቱ ስም አይጻፍበት፤ ጠያቂዎቹም እኩዮቹ ይሁኑ፤ ሴቶችን ሴቶች ይጠይቁ፤ ስለ ሕፃናትም ወላጆች አስቀድመው ይፍቀዱ። በምሥጢረ ንስሐ የተነገረው በምንም መንገድ ወደ ጥናት አይገባም፤ በምክር ጊዜ በምሥጢር የተነገረንንም እንዲሁ እንጠብቅ።

አራተኛ፣ ጥያቄዎቹ ጥቂትና ግልጽ ይሁኑ። «ማኅበራችንን ትወዳለህን?» ብንል መልሱ «አዎን» ነው፤ ትርፉም ጥቂት ነው። «ባለፈው ወር ስንት ጊዜ መጣህ? ያልመጣህበት ቀን ምን ይዞህ ነበር?» ብንል ግን የምንሠራበት ነገር እናገኛለን።

አምስተኛ፣ አንድ ነገር ለውጠን እንመዝን። ለምሳሌ ልጃገረዶች የሚቀሩት የስብሰባው ሰዓት ከቤት ሥራ ጋር ስለሚጋጭ ነው የሚል መልስ ብናገኝ፣ ሰዓቱን ለ3 ወር ለውጠን የሚመጡትን እንቁጠር። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ብንለውጥ የረዳን የትኛው እንደ ሆነ መለየት ያስቸግረናል።

ስድስተኛ፣ ውጤቱን ለወጣቶቹ መልሰን እንንገር፤ ከነቀፋው ምንም አናስቀር። ተጠይቆ መልሱ የት እንደ ደረሰ ያላወቀ ወጣት ለሁለተኛ ጊዜ በቅንነት አይመልስም።

የነፍስ ጉዳይ በቁጥር ይለካልን?

አንዳንዶች «ጸጋ በቁጥር አይለካም» ይላሉ፤ እውነት ነው። ቅዱስ መጽሐፍም ዳዊት ሕዝቡን ባስቈጠረ ጊዜ የደረሰውን ይነግረናል (2ሳሙ. 24)። ይሁን እንጂ ያው መጽሐፍ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዱን ሊፈልግ ስለ ሄደው እረኛ ያስተምረናል (ሉቃ. 15፥3-7)። ያ እረኛ ከመቶው አንዱ መጥፋቱን ያወቀው በጎቹን ይቈጥር ስለነበረ ነው። እንግዲህ ለመመካት መቍጠር አንድ ነገር ነው፤ የጎደለውን ለመፈለግ መቍጠር ግን ሌላ ነው። የእኛ ጥናት ከሁለተኛው ወገን እንዲሆን ያስፈልጋል። ቍጥሩ ራሱ ነፍስን አያድንም፤ ነገር ግን የማን ቤት ማንኳኳት እንዳለብን ይነግረናል። የሚያንኳኳው ከሌለ መዝገቡ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ለውይይት

1. ከ5 ዓመት በፊት በቁምስናችን የመጀመሪያ ቁርባን ከተቀበሉት ልጆች ዛሬ የት እንዳሉ የማናውቃቸው ስንት ናቸው?

2. የወጣቶች ስብሰባ ቀንና ሰዓት የተወሰነው በማን ነው? ወጣቶቹስ ተጠይቀው ነበርን?

3. እስከሚቀጥለው ስብሰባችን ድረስ ከቀሩት ወጣቶች ሦስቱን ሄዶ የሚያዳምጥ ከመካከላችን ማን ነው?